ቡድኑ ተሸጠ፣ ፍቅሩ ቀረ

ኦክቶበር 9 ቀን 2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ አንድ የሆኪ ቡድን በገዛ ሜዳው 5 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከተማዋ ግን ያን ቀን ከበዓላቷ አንዱ አድርጋ ነው የምታስታውሰው። እንግዳው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ነበር። የባለሜዳውን አንዲት ግብ ያገባው ኒክ አንትሮፖቭ የሚባል የካዛኪስታን ተወላጅ ነው። እሱና አብረውት ከተሰለፉት ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በፊት አትላንታ ውስጥ፣ ለአትላንታ ነበር የሚጫወቱት። አሁን ግን ዊኒፔግ ጄትስ ተብለዋል። በዚያ ስም ይጠራ የነበረው ቡድን ደግሞ ከ15 ዓመት በፊት ተሸጦ ወደ አሪዞና በረሃ ወርዷል። ያኔ ልጅ የነበረው ሰው ጎልምሶ፣ የራሱን ልጅ አስከትሎ፣ ቡድኔ ተመለሰ እያለ መጣ። በሕግ ዓይን የተመለሰ ነገር አልነበረም። የሄደው ሄዷል፤ የመጣው ሌላ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ቀለል አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። የልጅነት ቡድኑን በአርባ ዓመቱ የሚያስታውስ ሰው ሲታይ፣ ወጣትነቱን ናፈቀ ይባላል፤ ሲብስም ነጋዴ ትዝታውን መልሶ ሸጠለት ይባላል። ሁለቱም አባባል ጥቂት እውነት አለው። የዊኒፔግ ታሪክ ልብ ተብሎ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል ባይ ነኝ፦ የልጅነት ታማኝነት ከቡድኑ ጋር ዕቃውን ጠቅልሎ አይሄድም፤ ከተተከለበት ከተማ ይቀራል። ጎልማሳው ሲመለስም የሚመለሰው ወደ ድርጅቱ፣ ወደ ተጫዋቹ ወይም ወደ ዋንጫው አይደለም፤ አብሮ ለመቀመጥ ወደሚፈልገው የከተማው ሕዝብ ነው። ባለቤቱ ያንን ታማኝነት ይከራየዋል እንጂ የሱ ንብረት አይደለም። ይህን ለማሳየት ከታሪኩ ትንሽ ዘለግ አድርጎ መጀመር ያስፈልጋል።

ሆኪ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ ቢመስልም የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፣ የምትመታ ጥንግ አለች፣ ሁለት ጎራ አለ። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ባለ ስለት፣ ጥንጊቱም ድብልብል ሳትሆን ክብና ጠፍጣፋ ጎማ መሆኗ ነው። አንድ ተጨማሪ መመሳሰል ግን ከሕጉ ሁሉ ይበልጥ ለጉዳያችን ይጠቅማል። በገና ጨዋታ የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሲገጥም ልጁ ጎራውን አይመርጥም፤ የተወለደበት ቤት መርጦለታል። ዊኒፔግም እንደዚያው ናት። ቀይ ወንዝና አሲኒቦይን ወንዝ በሚገናኙበት ጠፍጣፋ የሜዳ አገር ላይ የተቆረቆረች፣ በ2021 ቆጠራ 750,000 ያህል ሰው የተገኘባት፣ ክረምቷ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ ያልሆነ ከተማ ናት። ቅርቧ ያለ ሌላ ትልቅ ከተማ የለም። እዚያ ለሚያድግ ልጅ ሌላ ቡድን ልምረጥ ቢል እንኳ ምርጫው ሩቅ ነው።

ቡድኑ የተመሠረተው በ1972 ነው፤ ዋናውን ሊግ፣ ኤንኤችኤልን፣ ሊገዳደር በተነሳ የዓለም ሆኪ ማኅበር በሚባል አዲስ ሊግ ውስጥ። አነሳሱ የጉድ ነበር። የቺካጎውን ኮከብ ቦቢ ሀልን በአንድ ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ገንዘብ አስኮበለሉት፤ ያን ጊዜ በሆኪ ዓለም ያልተሰማ ገንዘብ ነው። በ1974 ደግሞ አንደርሽ ሄድበርግና ኡልፍ ኒልሰን የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ጨመሩ። አውሮፓውያን ዱላ ቀረብ ሲል ይሸሻሉ እየተባለ በሚታሙበት ዘመን ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው የአጨዋወቱን ፈሊጥ ቀየሩት። ቡድኑ የዚያን ሊግ ዋንጫ በ1976፣ በ1978 እና በ1979 ወሰደ። ከዚያ ሊጉ ሲፈርስ ከኤድመንተን፣ ከኩቤክና ከሃርትፎርድ ጋር ወደ ኤንኤችኤል ገባ፤ ለመግባትም ምርጥ ምርጥ ተጫዋቾቹን ማስረከብ ነበረበት። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1980-81 የውድድር ዓመት ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 9 ብቻ ነው፤ 30 ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ተስኖት አልፏል። ዴል ሀወርቹክ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ መጥቶ አነቃው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ 103 ነጥብ አስመዘገበ፣ ቡድኑም በደረጃ ሰንጠረዡ ከ32 ነጥብ ወደ 80 ተመነጠቀ። ይሁንና ያ ዘመን የዌይን ግሬትዝኪ ኤድመንተን ዘመን ነበርና የዊኒፔግ ዕድል ከመንገድ ላይ እየተመለሰ ቀረ። ከ1983 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ኤድመንተን ስድስት ጊዜ በጥሎ ማለፍ አሰናብቷቸዋል። በኤንኤችኤል ባሳለፉት 17 ዓመት ያሸነፉት የጥሎ ማለፍ ዙር ሁለት ብቻ ነው፤ በ1985 እና በ1987፣ ሁለቱም ካልጋሪ ላይ።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት መጥቀስ ተገቢ ነው። ሴት ስቲቨንስ ዳቪዶዊትዝ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2014 ከፌስቡክ ባገኘው መረጃ የአሜሪካን የቤዝቦል ደጋፊዎች መርምሮ በኒውዮርክ ታይምስ ጽፎ ነበር። ግኝቱ ባጭሩ፣ አንድ ወንድ ልጅ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለ የአንድ ቡድን ዋንጫ ካየ፣ ሲጎለምስም የዚያ ቡድን ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል የሚል ነው። የኒውዮርክ ሜትስ ዋንጫ ያነሳው በ1969 እና በ1986 ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ስምንት ዓመት ገደማ ከነበሩት መካከል ደጋፊው በዝቶ ተገኘ። ጥሩ ግኝት ነው፤ ዕድሜውን የሚመለከተው ክፍል በተለይ ልብ ያሳምናል። ድል ነው ታማኝ የሚያደርገው የሚለውን ግን ዊኒፔግ ላይ ስናነብበው ይንገዳገዳል። በ1976 ወይም በ1979 ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ዋንጫ አይቷል እንበል። በ1984 ወይም በ1990 ስምንት የሞላው ምን አየ? ኤድመንተን ሲያሰናብተው። ይሁንና በ2011 ትኬት ለመግዛት ከተሰለፉት ውስጥ ከሠላሳ እስከ አርባ ዓመት ገደማ ያለውን ዕድሜ ማን ነው የያዘው ብለን ወደ ኋላ ብናሰላ የምናገኘው እነዚሁ ሽንፈት ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው። እንግዲህ ልጁን የያዘው ዋንጫው አልነበረም። በ1987 የካልጋሪ ደጋፊ ቀይ ለብሶ ሲመጣ ዊኒፔግ ነጭ ለብሳ ወጣች፤ ሜዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የጥምቀት አደባባይ መሰለ። በነጩ መሃል የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ ያየው የአባቱን፣ የአስተማሪውንና የመንገድ ጠራጊውን አንድ ዓይነት መልበስ ነው። ውጤት ይረሳል፤ ይህ አይረሳም።

ቡድኑ የሄደበት ምክንያት የክህደት ታሪክ አይደለም፤ የሂሳብ ነው። በ1990ዎቹ የተጫዋች ደመወዝ ሰማይ ነካ፤ የሚከፈለውም በአሜሪካ ዶላር ሆኖ ገቢው በሚረክሰው የካናዳ ዶላር ነበር። ሜዳው ያረጀ፣ ለባለጸጋ ተመልካች የሚከራይ ልዩ ክፍል የሌለው ነበር። ኩቤክም በዚሁ ምክንያት በ1995 ቡድኗን ለኮሎራዶ አጣች፤ የተሸጠው ቡድን በሄደ በዓመቱ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አንስቶ በቁስሏ ላይ ጨው ነሰነሰ። ዊኒፔግ ግን በቀላሉ አልለቀቀችም። በሜይ 1995 ቡድኑ ሊሄድ ነው ተብሎ ሜዳው ውስጥ ሽኝት ተደረገ፤ ሕዝቡ ራሱ ቀብር ብሎ ነው የጠራው። የቶማስ ስቴን 25 ቁጥር ማሊያ ተሰቀለ፣ ተለቀሰ። ከዚያ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በዘ ፎርክስ አደባባይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቶ ገንዘብ አዋጣ፤ ሕፃናት የሳንቲም ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። በዚህ ለአንድ ዓመት ዕድሜ ገዙለት፤ አንድ ዓመት ብቻ። በፌብሩዋሪ 1996፣ በ1992-93 በአዲስ ገቢ ዓመቱ 76 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን የያዘውን ቴሙ ሰላኔን ለአናሃይም አሳልፈው ሰጡት። ኤፕሪል 28 ቀን 1996 ዲትሮይት መጥቶ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋን ግብ ኖርም ማካይቨር አገባ፤ በቃ። ቀብሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለተደረገ ለእውነተኛው ሞት የተረፈ እንባ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው 15 ዓመት ለእኔ ክርክር ዋናው ማስረጃ ነው። ከተማዋ ባዶ አልቀረችም፤ ማኒቶባ ሙስ የሚባል የዝቅተኛ ሊግ ቡድን ወዲያው መጣላት። በ2004 ደግሞ ለትውልድ ትውልድ ከተማው ሲገበይበት የኖረው የኢተንስ መደብር ፈርሶ በቦታው 15,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ሜዳ ተከፈተ። የሄደው ቡድን በአሪዞናዋ ፊኒክስ ውስጥ ካዮትስ ተብሎ ቀጠለ፤ ታሪኩን፣ ክብረ ወሰኑን፣ ነጭ የመልበሱን ልማድ ሳይቀር ይዞ ሄዷል። እንግዲህ ታማኝነት የቡድኑ ጥላ ቢሆን ኖሮ የዊኒፔግ ልጅ ፊቱን ወደ ፊኒክስ ማዞር ነበረበት። ያዞረ ጥቂት ሰው አይጠፋም፤ የከተማዋ ልብ ግን አብሮ አልሄደም። ሜይ 31 ቀን 2011 የመኪና ሻጭ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ማርክ ቺፕማንና የካናዳ ቀዳሚ ባለጸጋ የሆነው ዴቪድ ቶምሰን በሽርክና የያዙት ትሩ ኖርዝ የተባለ ድርጅት የአትላንታ ትራሸርስን መግዛቱን ሲያበስር መንገዱ በሰው ሞላ። ዋጋው እንደተዘገበው 170 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 60 ሚሊዮኑ ለሊጉ የተከፈለ የማዛወሪያ ገንዘብ ነው። ሊጉ 13,000 የሙሉ ዓመት ትኬት ተሽጦ እንዲያሳዩ ፈልጎ ነበር። ቀደም ሲል የሙስ ደንበኞች ድርሻቸውን ወሰዱ፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ቀሪው በ17 ደቂቃ አለቀ። የገዛው ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያስር ውል ነው የፈረመው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ያን ጊዜ የቡድኑ ስም እንኳ አልወጣም ነበር። ጄትስ መባሉ የታወቀው ጁን 24 ቀን ነው። ሰው ስም የሌለው፣ ተጫዋቹን የማያውቀው፣ ማሊያው ምን እንደሚመስል ያላየው ቡድን ለዓመታት ውል ገባበት። ይህን በትዝታ ብቻ ማስረዳት ይቸግራል፤ ገና ያልተሰፋ ማሊያ ትዝታ የለውምና።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚሁ ጋ ይነሳል። ሁሉም ሐሰት ነው፤ ሰው የሚደግፈው ጨርቅ ነው፣ ጨርቁን ማንም ይልበሰው ማን ግድ የለውም ይባላል። ጨርቁን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሐሜት ያሸንፈኝ ነበር። ግን ብራያን ሊትል የተባለው ተጫዋች ከአትላንታ ሲመጣ ይለብሰው የነበረውን 10 ቁጥር ትቶ 18 ቁጥር ወሰደ፤ 10 ቁጥር የሀወርቹክ ነው ብሎ። የሊጉ መዝገብ እንደሚለው ሀወርቹክ የዚህ ክለብ ተጫዋች ሆኖ አያውቅም፤ ቁጥሩም የተከበረው ፊኒክስ ነው። ሊትል ማንም አላስገደደውም፤ የገባበት ከተማ የማን እንደሆነ ገብቶታል። በ2016 ደግሞ ክለቡ የራሱን የክብር መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ ያስገባቸው ሀልን፣ ሄድበርግንና ኒልሰንን ነው፤ ክለቡ ሳይወለድ፣ በሌላ ሊግ፣ ለሌላ ድርጅት የተጫወቱ ሰዎች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሜዳ ላይ የጥንት ተጫዋቾች ከኤድመንተን ጥንታውያን ጋር ሲጋጠሙ ሰላኔም ሀወርቹክም ነበሩ። አዲሱ ባለቤት ያደረገው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ዕዳ መክፈል ነው፦ የገዛው ቡድን ታሪክ እንደሌለውና ታሪኩ ያለው ከከተማው ሕዝብ ዘንድ እንደሆነ አምኖ ተቀብሏል። ከዚህ በተቃራኒ ሃርትፎርድን ተመልከቱ። የሃርትፎርድ ዌለርስ በ1997 ወደ ካሮላይና ሄደ፤ ካሮላይና ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የድሮውን አረንጓዴ ማሊያ አልፎ አልፎ እያወጣ ይለብሳል፣ ይሸጣልም። ጨርቁ፣ መብቱ፣ መዝገቡ ሁሉ ሕጋዊ ንብረቱ ነው። ይሁንና አንድም የሃርትፎርድ ሰው ካሮላይና ያንን በመልበሱ ቡድኔ ተመለሰ ሲል አይሰማም፤ ብዙው የሚሰማው ቁጭት ነው። ጨርቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃርትፎርድ በተደሰተች፣ ዊኒፔግም ስም የሌለውን ትኬት ባልገዛች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ ሁሉን ልመልስለት አልችልም። ፍቅር ይህን ያህል ጽኑ ከሆነ ወንበሩ ለምን ባዶ ሆነ? በ2024 መጀመሪያ ላይ ቺፕማን ራሱ እንደገለጸው 13,000 የነበረው የሙሉ ዓመት ትኬት ገዢ ወደ 9,500 ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሊጉ ኮሚሽነር ጌሪ ቤትማንም ነገሩ አሳስቦት ወደ ከተማዋ ተጉዞ ነበር። ያውም ቡድኑ እየተሸነፈ አልነበረም፤ በዚያ የውድድር ዓመት 52 ጨዋታ አሸንፎ 110 ነጥብ ይዞ ነው የጨረሰው። የወረርሽኙ ጣጣ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የትኬቱ ዋጋ፣ በየቤቱ ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን፤ ምክንያቱ አንድ አይደለም። እኔ ግን እነዚያን የስምንት ዓመት ልጆች መልሼ ልቁጠር። ከ1988 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ዊኒፔግ የተወለደ ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከተማው ውስጥ ጄትስ የሚባል ነገር አልነበረም። በ2024 እነዚህ ልጆች ከ22 እስከ 36 ዓመት የሆናቸው ናቸው፦ ደመወዝ መቀበል የጀመሩት፣ ትኬት መግዛት የሚገባቸው። ከአባታቸው የወረሱት ቡድን አለ እንጂ ራሳቸው ያለቀሱበት የለም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የትኬት ሽያጩን በዕድሜ የሚከፋፍል ሰንጠረዥ ይዤ አይደለም። ሆኖም ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ባዶው ወንበር ታማኝነት ውሸት መሆኑን አያሳይም፤ ያልተዘራ ዘር እንደማይበቅል ነው የሚያሳየው። አሥራ አምስት ዓመት ጦም ያደረ ማሳ በአንድ ዝናብ አያፈራም። በዚህ ላይ ሰው ለሚወደው ነገር በየዓመቱ ሺህ ዶላሮች መክፈል ግዴታ አለበት የሚለው ሐሳብ ራሱ የባለቤቶች ሐሳብ ነው። ፍቅርን በተሸጠ ትኬት የሚለካ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሬዲዮ የሚያዳምጠውን ሁሉ ከሂሳብ አውጥቶታል።

ትዝታችሁን ነጋዴ ሸጠላችሁ ለሚለው ወቀሳ ግን ብዙ አልከራከርም። ሸጧል። ከተማዋም እየሸጠላት መሆኑን አውቃ ገዝታለች። ልጅ የነበረ ጊዜ ቡድኑ የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ወንዙና እንደ በረዶው ከመጀመሪያው ያለ ይመስለዋል። በ1996 የተማረው ይህን ነው። በ2011 የተመለሰው ጎልማሳ ግን የደመወዙን፣ የምንዛሪውን፣ የማዛወሪያ ክፍያውን ነገር ሁሉ ያውቃል፤ እንደገና ሊሄድ እንደሚችልም ያውቃል። አውቆ መመለስ ሳያውቁ ከመውደድ ይበልጥ ክብር የሚገባው ነው ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ የተፋታ ሰው ዳግም ሲያገባ የመጀመሪያውን ሠርግ ያህል አይጨፈርም፤ ውሉን ግን አንብቦ ነው የሚፈርመው።

ከእኛ አገር አንባቢ የሚመጣ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ፈጽሞ ችላ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለንደንን በዓይኑ ሳያይ ለአርሴናል የሚያለቅስ ወጣት በሽ ነው፤ ታዲያ ታማኝነት የከተማ ነው የምትለው እንዴት ነው? ጥያቄው መልሱን ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ያ ወጣት የት ነው የሚያየው? ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲሸነፍ እንደሚሰወር፣ ማን ሰኞ ጠዋት እንደሚሳለቅበት ጠንቅቆ በሚያውቅበት ሰፈር። አርሴናልን የመረጠለት አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ወይም የአግዳሚው ጓደኛው ነው። ተጫዋቾቹ እንግሊዝ ናቸው፤ ታማኝነቱ የበቀለው ግን ቀበሌው ውስጥ ነው። ያንኑ ወጣት ወደ ሌላ አገር አሻግሩት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ጨዋታውን ባጋጣሚ ሲያገኘው የሚናፍቀው የሰሜን ለንደንን ዝናብ ሳይሆን የዚያችን ቤት ጠባብ አግዳሚ ነው። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ከሆኪ አውጥቶ ያሰፋዋል። በገዛ ከተማው ስታዲየም የሚጫወት ቡድን ካለው ደጋፊ ጋር ሲነጻጸር ግን የሚቀርበት አንድ ነገር አለ፦ ወጣቱ አርሴናልን ከባለቤቱ እጅ ሊያድነው፣ አደባባይ ወጥቶ የሳንቲም ሣጥኑን ሊያዋጣለት አይችልም። ዊኒፔግ ቢያንስ ሞክራለች።

የሚከብደኝ የአትላንታ ነገር ነው። ዊኒፔግ የጨፈረችበት ሜይ 31 አትላንታ ያዘነችበት ቀን ነበር። አትላንታ ከዚያ በፊትም በ1980 ፍሌምስ የሚባል ቡድኗን ተነጥቃለች፤ የወሰደችው ካልጋሪ ናት፤ ዊኒፔግ ነጭ ለብሳ የገጠመቻት ቀያይ ለባሽ ቡድን ከአትላንታ የሄደው ያው ቡድን ነው። ትራሸርስ በ1999 ተመሥርቶ አንድ ጊዜ፣ በ2007፣ ብቻ ለጥሎ ማለፍ በቃ። ያኔ ስምንት ዓመት የነበረ የአትላንታ ልጅ አለ፤ እሱም ማሊያ ነበረው። ስለ ከተማ ታማኝነት እያወራሁ የዚያን ልጅ ነገር ዘልዬ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። የማቀርበው ማስተባበያ የለኝም፤ ሊጉ የቡድን ቁጥርን ወስኖ ከተማን ከከተማ እያጫረተ እስከኖረ ድረስ የአንዱ መመለስ የሌላው መነጠቅ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የሚወደው ሕዝብ ሳይሆን ጨረታውን የዘረጋው ሥርዓት ነው። ኩቤክ በ2015 ግሩም ሜዳ ሠርታ እስከ ዛሬ የሚገባበት የኤንኤችኤል ቡድን አላገኘችም፤ ባዶ ጎጆ ሠርቶ ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሰው ሆናለች።

ከተማ የሚወረሰው በመወለድ ብቻ ነው ወይ ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ዊኒፔግ ውስጥ የኛም ሰዎች አሉ፤ ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ሄደው፣ ብርዱን ለምደው፣ ወልደው የሚኖሩ። ወላጁ ሆኪን ላያውቀው ይችላል። ልጁ ግን በ2018 ጥሎ ማለፍ ሰሞን ጄትስ ሚኔሶታንና ናሽቪልን ጥለው የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ሲደርሱ፣ መንገዱ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያድር ስምንት ዓመቱ ከነበረ፣ ጉዳዩ አብቅቷል። በ2040 ትኬት የሚገዛው እሱ ነው።

ጆናታን ቴውስ የሚባል የዊኒፔግ ልጅ ኤፕሪል 29 ቀን 1988 ተወለደ። ጄትስ የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተው እሱ ስምንት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሄዶ ለቺካጎ ተጫወተ፤ የቡድኑ አምበል ሆኖ በ2010፣ በ2013 እና በ2015 የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ከዚያ ሕመም ሁለት ዓመት ከሜዳ አራቀው፤ በ2025 ልመለስ ሲል የመረጠው ዊኒፔግን ነው። በሕግ ከተቆጠረ ልጅ ሳለ ያያት ቡድን ይህች አይደለችም። የዚያች ቡድን ወራሽ የነበረው የአሪዞናው ክለብ በ2024 ተጫዋቾቹን ለዩታ አስረክቦ ሥራ አቁሟል፤ ዩታ ተጫዋቾቹን ወሰደ እንጂ ታሪኩን አልወሰደም። ስለዚህ የሀወርቹክ 103 ነጥብና የሰላኔ 76 ግብ ዛሬ የተመዘገቡት በማይጫወት፣ ሜዳ በሌለው፣ ደጋፊ በማይሰበሰብበት ክለብ ስም ነው። ሀወርቹክ በ2020 በካንሰር ሞተ። የነሐስ ሐውልቱ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ዊኒፔግ መሃል፣ ከአዲሱ ሜዳ አጠገብ ቆሟል፤ ክረምት ሲገባ በትከሻው ላይ በረዶ ይቆለላል፣ ወደ ጨዋታ የሚሄድ ሰውም እያለፈ በጓንቱ ያራግፍለታል።